42 ቃል የሆነብኝን ሎግላይን እንዴት ላሳጥረው?

ሰኔና ሰኞ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የሙሉ ርዝመት ፊልም ስክሪፕት ጨርሻለሁ፤ 104 ገጽ ሆኗል። አንድ ፕሮዲውሰር «መጀመሪያ ሎግላይንና አንድ ገጽ ሲኖፕሲስ ላኪልኝ» ብሎኛል፤ ሎግላይን ማለት የፊልሙን ታሪክ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚናገር ነው፣ ሲኖፕሲስ ደግሞ የታሪኩ ማጠቃለያ። ቆይቼ ደግሞ በእንግሊዝኛ አድርጌ ለውጭ የፊልም ፈንድ ላስገባው አስቤያለሁ። የጻፍኩት ሎግላይን ይኸውላችሁ፦

«ሰላማዊት በጅማ ከተማ ተወልዳ ያደገችና በልጅነቷ አባቷን ያጣች፣ ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ በሙያዋ አንቱ የተባለች ቡና ቀማሽ ስትሆን አንድ ቀን ባጋጠማት ሕመም ምክንያት ሕይወቷ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል፤ በዚህም የተነሳ ከቤተሰቧና ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ግጭት ውስጥ የምትገባ ሲሆን በመጨረሻም እውነትን፣ ፍቅርንና ይቅርታን ታገኛለች።»

ስቆጥረው 42 ቃል ነው። መርዘሙ ብቻ ሳይሆን ሲነበብም የማንም ታሪክ ይመስላል።

እንዲገባችሁ ታሪኩ እንዲህ ነው። ሴትዮዋ በቡና ጥራት መመርመሪያ ውስጥ እየቀመሰች ደረጃ ትሰጣለች። ከታመመች በኋላ ማሽተት ያቅታታል፤ ለማንም ሳትናገር በልምድና በግምት ደረጃ መስጠቷን ትቀጥላለች። ናሙናዎቹ የሚመጡት በኮድ ስለሆነ የማን ቡና እንደሆነ አታውቅም። በኋላ ስትሰማ ግን ዝቅ አድርጋ ደረጃ ከሰጠቻቸው ቡናዎች አንዱ የትውልድ መንደሯ የገበሬዎች ማኅበር ነው። ማኅበሩ የቡና ማጠቢያ ጣቢያውን ያሠራው በባንክ ብድር ነው፤ ቡናው በዚያ ደረጃ ከተሸጠ ጣቢያው ይወረሳል። እስኪሸጥ 5 ቀን ቀርቶታል። አንድ ነጋዴ ምስጢሯን ይደርስበትና «ዝም በይ፣ ዝም እላለሁ» ይላታል፤ ቡናውን በርካሽ መጠቅለል ነው የሚፈልገው። አፍንጫዋ የሰላ አንዲት ሰልጣኝም አለች፤ ከእሷ ጋር ይሠራሉ።

ጥያቄዎቼ፦ ስንት ቃል ይሁን? የዋና ገጸ ባሕርይዋ ስም ይግባ ወይስ አይግባ? መጨረሻውን ልናገር? ደግሞስ እዚህ አደባባይ ላይ ስለጥፈው ሐሳቤን ሰው ቢወስድብኝስ?


ባለ ቀይ እስክሪብቶ

እህቴ፣ ሎግላይንሽ ያለው ከታች ባብራራሽው አንቀጽ ውስጥ ነው። እዚያ ማሽተት ያቃታት ቀማሽ አለች። ሎግላይኑ ላይ ግን «ባጋጠማት ሕመም» ብለሽ አልፈሻታል። ምን ሕመም? ራስ ምታትም ሕመም ነው። የቀማሽ ሥራ ከምላስ ይልቅ የአፍንጫ ሥራ ነው፤ እንጀራዋ በአፍንጫዋ የሆነች ሴት አፍንጫዋ ከዳት ሲባል፣ ሰሚው የቀረውን ጣጣ ራሱ ማሰብ ይጀምራል። የሎግላይን ጉልበት እዚህ ላይ ነው። ሙያዋንና ጉድለቷን አጠገብ ላጠገብ ስታስቀምጫቸው፣ አንቺ ሳታብራሪ ራሳቸው ይጋጫሉ።

እስቲ 42ቱን ቃላት አንድ በአንድ እንያቸው። ከ1 እስከ 8 ያሉት ስምና የሕይወት ታሪክ ናቸው። ፊልሙ የሚጀምረው እሷ አድጋ፣ ሠርታ፣ ስም ካወጣች በኋላ ስለሆነ ጅማና አባቷ ስክሪፕቱ ውስጥ ይቆዩ። ከ9 እስከ 15 («ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ በሙያዋ አንቱ የተባለች») ሰባት ቃል ነው፤ «አንጋፋ» የሚል አንድ ቃል ይተካዋል። ከ19 እስከ 27 ያለው «አንድ ቀን ባጋጠማት ሕመም ምክንያት ሕይወቷ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል» ደግሞ ዘጠኝ ቃል ሲሆን ትልቁ ጉዳት ያለው እዚህ ነው። አንድን ሐረግ ለመፈተን ከቦታው ንቀዪውና የሌላ ሰው ፊልም ላይ ትከዪው። እዚያም ከበቀለ ያንቺ አይደለም። ይህ በሺህ ፊልም ላይ ይበቅላል። ከ28 እስከ 37 ያለው ግጭት እንዳለ ይነግረናል እንጂ ማን ምን ብሎ ከማን ጋር እንደተጋጨ አይነግረንም። የመጨረሻዎቹ አምስት ቃላት ጭብጥሽ ናቸው፤ ጭብጥ ደግሞ ሎግላይን ላይ አይጻፍም። ስንቆጥር ከ42ቱ የተረፉት «ቡና ቀማሽ» የሚሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከእነሱ ጀምሪ።

መልሰሽ ስትጽፊ ዓረፍተ ነገር ለመሥራት አትቸኩዪ። መጀመሪያ አምስት ነገር ለየብቻው ወረቀት ላይ አስፍሪ፦ ማን ናት (አንድ ሙያና አንድ ጉድለት)፣ ምን ተፈጠረባት፣ ምን ለማድረግ ተነሳች፣ ማን ይቆምባታል፣ ካልሆነላት ምን ይጠፋል። እያንዳንዱ ከስድስት ቃል አይብለጥ። አምስቱም ሲሞሉ ብቻ አያይዣቸው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ሦስተኛው ላይ ነው። «እውነትን ለማግኘት»፣ «ከራሷ ጋር ለመታረቅ» ይላል። ይህን ካሜራ አይቀርጸውም። ኩባያዎቹ እንደገና ጠረጴዛው ላይ ሲደረደሩ፣ የደረጃው ወረቀት ሲሰረዝና ሌላ ሲፈረም ግን ይቀርጻል። የሷ ዓላማ እንዲህ በዓይን የሚታይ፣ ሲሳካም ሳይሳካም ተመልካቹ ሳይነገረው የሚያውቀው ይሁን። «ከራሷ ጋር መታረቁ» በዚያ ውስጥ አብሮ ይመጣል።

ደግሞ አምስቱ መሥመሮች አልሞላ ካሉሽ ሎግላይኑን መታገል ተዪና ወደ ስክሪፕቱ ተመለሺ። ሦስተኛው ባዶ ከሆነ፣ ከገጽ 30 እስከ 80 ባለው መካከለኛ ክፍል ዋና ገጸ ባሕርይዋ የሚመጣባትን እየተቀበለች ብቻ ነው ማለት ነው፤ ፊልሙ እዚያ ላይ ይተኛል። አራተኛው ባዶ ከሆነ ትዕይንቶቹን የሚያያይዛቸው አጋጣሚ ነው። አምስተኛው ባዶ ከሆነ «ትተወውና ወደ ቤቷ ትሂዳ» ሲባል መልስ የለሽም። ያንቺ ታሪክ አምስቱንም ይዟል፤ እድለኛ ነሽ።

ጥያቄዎችሽን በአጭሩ ልመልስ። ስም አይግባ። «ሰላማዊት» ለማያውቃት ሰው ምንም አይነግረውም፤ «አንጋፋ ቡና ቀማሽ» ግን ዕድሜዋን፣ ቦታዋንና የምታጣውን ይነግረዋል። እኛ አገር ደግሞ ስም ስለ ሃይማኖትና ስለ ትውልድ ቦታ ስለሚናገር አንባቢው ባላሰብሽው መንገድ ይወስደዋል። ስም የሚገባው ሰውየው በታሪክ የታወቀ ከሆነ ነው፤ ስለ ዓፄ ቴዎድሮስ ለሚጻፍ ፊልም «አንድ ንጉሥ» አይባልም። መጨረሻውን ሎግላይኑ ላይ አትናገሪ፤ ሲኖፕሲሱ ላይ ግን የግድ ተናገሪ። «ምን ይፈጠር ይሆን?» ብሎ የሚዘጋ ሲኖፕሲስ ለፕሮዲውሰር አይጠቅመውም፤ ገንዘቡን የሚያወጣው ታሪኩ የት እንደሚደርስ አውቆ ነው። ፖስተር ላይ የሚወጣው የማጓጊያ ሐረግ፣ ታግላይን የሚባለው፣ ከሁለቱም የተለየ ነው። እሱ ተመልካቹን ትኬት ያስቆርጣል እንጂ ታሪኩን አይናገርም፤ አሁን አያስፈልግሽም።


ሰም ለባሽ

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ቋንቋው ልጨምር፤ ብዙ የአማርኛ ሎግላይን የሚበላሸው በራሱ በአማርኛው አወቃቀር ነውና።

በአማርኛ ገላጩ ከተገላጩ ይቀድማል፣ ግሡም ከሁሉ ኋላ ይመጣል። አንባቢው «ያደገችና... ያጣች... የተባለች» እያለ ሸክም ይሰበስባል። ስሟን መጀመሪያ ብታነሺለትም ምን እንደሆነች የሚያውቀው 17ኛው ቃል ላይ «ቀማሽ» ሲደርስ ነው። የምታደርገውን ለማወቅ ደግሞ እስከ 42ኛው ይታገሣል። ስክሪፕት አንባቢ ጠረጴዛው ላይ ክምር አለበት፤ እስከዚያ አይታገሥም። መፍትሔው ከመጀመሪያው ቃል እስከ ባለቤቱ ከአምስት ቃል አለማሳለፍ፣ ከባለቤቱ በፊትም «የ» ወይም «ያ» ያለበትን ገላጭ ከሁለት አለማስበለጥ ነው። «ማሽተት የተሳናት አንጋፋ ቡና ቀማሽ» አምስት ቃል ነው፤ አንድ «የተ» ብቻ አለው።

ቅጽል ስትመርጪ ምስጋና አትምረጪ። «ጎበዝ»፣ «ቆንጆ»፣ «ቅን» ምንም አይሠሩም። የሚሠራው ቅጽል መንገዷን የሚያከብድባት ነው። «አንጋፋ» የሚሠራው ቃሏ የሚታመን፣ ስህተቷም የማይጠረጠር ስለሆነ ነው፤ ደረጃውን ማንም ሳይጠይቅ የተቀበለው አንጋፋ በመሆኗ ነው። ጀማሪ ብትሆን ታሪኩ ገና በመጀመሪያው ቀን ያልቃል።

«ስትሆን»፣ «የምትገባ ሲሆን»፣ «በዚህም የተነሳ»፣ «በመጨረሻም» የዜና ቋንቋ ናቸው። ዜና አንባቢ ሁለት ጉዳዮችን አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ለማንጠልጠል ይጠቀምባቸዋል። ሎግላይን ላይ ግን ምክንያትና ውጤት እንዳልተያያዘ ያጋልጣሉ። «ሲሆን» ባለበት ቦታ ሁሉ «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» አስገብተሽ አንብቢው፤ ሁለቱም እምቢ ካሉ ሁለቱ ነገሮች በታሪክሽ ውስጥ አልተያያዙም። ድርብ ሰረዝም ተጠንቀቂባት። ሦስት ዓረፍተ ነገር በ«፤» ሰፍቶ «አንድ ዓረፍተ ነገር ነው» ማለት ራስን መሸንገል ነው።

መዝጊያው ግሥ ላይ ጊዜ አጥፊ። በአማርኛ የመጨረሻው ቃል ግሡ ስለሆነ ጆሮ ላይ የሚቀረው እሱ ነው። «ይቀየራል»፣ «ያጋጥማታል»፣ «ታገኛለች»፣ «ትሞክራለች» ደካማ ናቸው፤ ነገሩ በእሷ ላይ የሚሆን እንጂ እሷ የምታደርገው አይደለምና። «ትገደዳለች»ም በብዛት የምናየው ነው፤ እኔ ብትተዪው እመርጣለሁ። «ትነሳለች»፣ «ትሟገታለች»፣ «ትሰርቃለች»፣ «ታስመሰክራለች» በእጇ የምታደርገው ነገር አላቸው። ጊዜው «ት...ለች» ይሁን፤ «ነበረች» ካልሽ ያለቀ ታሪክ እያወራሽ ነው።

አማርኛ ግሡ ውስጥ ባለቤትና ተሳቢ ስለሚሸከም ሴትና ወንድ ሲጋጩ ይረዳናል፤ «ሲያስፈራራት» ብትዪ ማን ማንን እንደሆነ ይታወቃል። ሁለት ወንድ ሲሆኑ ግን «ሲከዳው ሊበቀለው ይነሳል» ይሆንና ከዳተኛው ማን፣ ተበቃዩ ማን ይጠፋል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱንም በሙያቸው ወይም በዝምድናቸው ጥሪያቸው፦ ሹፌሩ፣ አማቹ፣ ባለ ሱቁ።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ በእንግሊዝኛ የተለመደው ከ25 እስከ 35 ቃል ነው። አማርኛ «አልነገረችውም» የሚለውን በአንድ ቃል ስለሚጨርስ፣ እንግሊዝኛው ደግሞ አምስት ቃል ስለሚፈጅበት፣ እኛ ከ18 እስከ 28 ላይ ብንቆም ይበቃል። ከቃል ቆጠራው ይልቅ ትንፋሽ ይሻላል። ቆመሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርሺ ትንፋሽ ካጠረሽ ለሁለት ክፈዪው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነውር አይደለም። ለአማርኛ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይሻለዋል፤ የመጀመሪያው ግሥ ቶሎ ይመጣልና።

አንድ ነገር ልጨምር። ቅኔ የምንወድ ሰዎች ስለሆንን ሎግላይኑ ላይ ሰምና ወርቅ መሥራት ያምረናል፤ «የጠፋው ሽታ ቡናው ነው ወይስ ሕሊናዋ?» ዓይነት። ሎግላይን ሰሙን ብቻ ነው የሚይዘው። ወርቁን አንባቢው 104ቱን ገጽ አንብቦ ያገኘዋል።


መዝገብ ቤት

ስለ ሐሳብ መሰረቅ ለጠየቅሽው፦ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብት የሚጠብቀው የተጻፈውን ሥራ እንጂ ሐሳቡን ብቻውን አይደለም። ስለዚህ ሎግላይን ላይ ያለ ሐሳብ ጥበቃ አለው ብለሽ አትመኚ፤ 104 ገጹ ግን አለው። ከመላክሽ በፊት የስክሪፕቱን ሙሉ ቅጂ በአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት አስመዝግቢ። የላክሽበትን ቀንና ለማን እንደላክሽ በኢሜይል መዝግበሽ ያዢ፤ በቴሌግራም ድምፅ አትላኪ። ሎግላይኑን ግን ደብቀሽ አትችዪም፤ የተሠራው ሊነገር ነው።


ሰኔና ሰኞ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። አምስቱን መሥመር ሞልቼ አያያዝኳቸው። 25 ቃል ሆነ፦

«ማሽተት የተሳናት አንጋፋ ቡና ቀማሽ፣ በግምት የሰጠችው ዝቅተኛ ደረጃ የትውልድ መንደሯን ማኅበር ለዕዳ ሲዳርገው፣ ቡናው ከመሸጡ በፊት ባሉት አምስት ቀናት ምስጢሯን ሳታወጣ ስህተቷን ለማረም ትነሳለች።»


ጎርጓሪ

በጣም ተሻሽሏል፤ ግን ገና ነው። ሦስት ነገር ይታየኛል።

አንደኛ፣ ነጋዴው የት ሄደ? ተቃዋሚ የሌለው ሎግላይን ላይ ጠላቷ ጊዜ ብቻ ይሆናል። ጊዜ ደግሞ አይናገርም፣ አያስፈራራም፣ አይደራደርም። «ዝም በይ፣ ዝም እላለሁ» የሚላት ሰው እጅሽ ላይ እያለ ማስቀረት ያሳዝናል። ከሁሉ በላይ እሱ ሲገባ የሷ ምስጢር ከግል ሐፍረት ወደ ሌላ ሰው መሣሪያ ይለወጣል።

ሁለተኛ፣ «ስህተቷን ለማረም» አሁንም ደብዛዛ ነው። እንዴት ነው የምታርመው? ስክሪፕቱ ላይ ሰልጣኟን ይዛ እንደሆነ ነግረሽናል። «በሰልጣኝ አፍንጫ» የሚለው በራሱ ሥዕል ነው። ማሽተት የማትችለው አዋቂና ማሽተት ብቻ የምታውቀው ልጅ አንድ ኩባያ ላይ ጎንበስ ሲሉ ይታያል። «ምስጢሯን ሳታወጣ» የሚለውን ግን አውጪው፤ ምስጢሯን የሚያውቅ ነጋዴ ካለ በራሱ ይገባል።

ሦስተኛ፣ «ለዕዳ ሲዳርገው» ትክክል አይደለም። ዕዳው ቀድሞም አለ፤ የሷ ደረጃ ያመጣው ውርደቱንና ውርሱን ነው። አንባቢው እንዲህ ያለውን ስንጥቅ ቶሎ ያየዋል፤ ሎግላይኑ ላይ ያልተጣጣመ ምክንያት ስክሪፕቱም ላይ ያልተጣጣመ ይመስለዋል። ማኅበር፣ ብድርና ማጠቢያ ጣቢያን በአንድ ሎግላይን ላይ ለማስረዳት አትሞክሪ፤ ለሲኖፕሲሱ ተዪው።

«ትገደዳለች» ላይ ከሰም ለባሽ ጋር ትንሽ እለያለሁ። የሚያስገድደው አካል እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከታየና የምትገደድበት ነገር ከባሕርይዋ ጋር የሚጣላ ከሆነ ጥሩ ግሥ ነው፤ ለምሳሌ «ወንድሟን በፍርድ ቤት እንድትመሰክርበት ትገደዳለች»። መጥፎ የሚሆነው አስገዳጁ ሳይታወቅ «ከባድ ውሳኔ ለመወሰን ትገደዳለች» ሲባል ነው። በነገራችን ላይ «ከስሟና ከመንደሯ አንዱን መምረጥ ይኖርባታል» ዓይነት መዝጊያም እንዳያምርሽ። መምረጥ በጭንቅላት ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ከመረጠች በኋላ የምታደርገውን ጻፊ።

ስለ ቀነ ገደቡም ልበል። «አምስት ቀን» ላንቺ ያስኬዳል፤ የንግድ ታሪክ ነው፣ የሽያጭ ቀን አለው። ሌሎች ይህን የምታነቡ ግን ቁጥር ከአየር ላይ አትቁረጡ። ኑሯችን ራሱ ሰዓት የተሞላ ነው፦ የአባት አርባ ሳይወጣ፣ ክረምት ሳይገባ፣ ጾም ሳይፈታ፣ ሽማግሌ ሳይላክ፣ ልጁ ክርስትና ሳይነሳ። በ2015 እ.ኤ.አ. በካን ፌስቲቫል የታየውን የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» አስቡት፤ እናቱን ያጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከዘመድ ቤት ይቀመጣል፣ አጎቱ የሚወዳትን በግ ለመጪው በዓል ሊያርድበት ያስባል። በዓሉ ሰዓት ነው። ማንም ሰዓቱን ማስረዳት አላስፈለገውም፤ በዓል መምጣቱን የሚያቆመው የለም፣ የበጓም ዕጣ ለማንም ግልጽ ነው። ጥሩ ቀነ ገደብ እንዲህ ነው። ሲነገር የሚጠፋው ነገርም አብሮ ይሰማል።


ሰኔና ሰኞ (ጠያቂ)

ስድስት ጊዜ ጽፌ ይህ ላይ ቆምኩ፤ 29 ቃል፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር፦

«ማሽተት የተሳናት አንጋፋ ቡና ቀማሽ በግምት በሰጠችው ደረጃ የትውልድ መንደሯን ቡና ታዋርዳለች። ምስጢሯን የደረሰበት ነጋዴ ቡናውን በርካሽ ሊጠቀልል አምስት ቀን ሲቀረው፣ በአንዲት ሰልጣኝ አፍንጫ ታግዛ የገዛ ፍርዷን ለማስሻር ትነሳለች።»

ሰም ለባሽ ካለው በአንድ ቃል አልፏል። ልቁረጥ? ወደ እንግሊዝኛስ እንዳለ ልመልሰው?


ሰም ለባሽ

አትቁረጪ። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች በአንድ በአንድ ትንፋሽ ይነበባሉ፤ አንድ ቃል ለማትረፍ «አንዲት»ን ብታወጪ ሰልጣኟ ማን እንደሆነች ቀድሞ የተነገረ ይመስላል። «በግምት»ንም አትንኪያት። እሷ ብትወጣ ቀማሿ ተሳስታ ወይስ ታልላ እንደሆነ አይለይም፤ ጥፋተኛነቷ ያለው በዚያች አንድ ቃል ውስጥ ነው። «የገዛ ፍርዷን ለማስሻር» ደግሞ ከሁሉ ይበልጥብኛል፤ ዳኛዋም ይግባኝ ባይዋም አንዲት ሴት ሆነች።


ባለ ቀይ እስክሪብቶ

እንግሊዝኛውን እንዳለ አትመልሺው። በቀጥታ ሲመለስ 48 ቃል ገደማ ይወጣል፤ ብዙ ማመልከቻ ላይ ይህ ረጅም ነው። አንዳንዱ ቅጽ ደግሞ ቃል ሳይሆን ፊደል ይቆጥራል፤ የእኛ አንድ ፊደል አንድ ቀለም ስለሚይዝ አማርኛው አጭር መስሎ ይታይና እንግሊዝኛው ቅጹ ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ እንግሊዝኛውን ከአምስቱ መሥመሮች ተነስተሽ እንደ አዲስ ጻፊው። እዚያ ባለቤቱ ቀድሞ ግሡ ስለሚከተል አንድ ዓረፍተ ነገር ሊበቃሽ ይችላል። መቁረጥ ካለብሽ መጀመሪያ ሰልጣኟን፣ ቀጥሎ «አምስት ቀን»ን አውጪ፤ የማሽተቷን ነገርና ነጋዴውን ግን በምንም አትልቀቂ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። «ደረጃ መስጠት» ለእኛ ግልጽ ነው፤ የቡና ዋጋ በቅምሻ እንደሚወሰን የማያውቅ አንባቢ ግን ለምን መንደር እንደሚጎዳ አይገባውም። ስለዚህ እንግሊዝኛው ላይ ደረጃውን ሳይሆን የደረጃውን ውጤት፣ ዋጋ መውደቁን ጻፊ። ሌሎቻችሁም ዕቁብ፣ እድር፣ ደቦ የሚሉትን እንዳለ አታስገቡ፤ «የሰፈሩ ሴቶች ተራ በተራ የሚወስዱት የቁጠባ ገንዘብ» ማለት ይሻላል። የውጭው አንባቢ ገንዘቡ ቢጠፋ ምን እንደሚፈጠር ወዲያው ይገባዋል።


ጎርጓሪ

ከመላክሽ በፊት ታሪኩን ለማያውቅ አንድ ሰው አንዴ ብቻ አንብቢለት፤ ወረቀቱን አትስጪው። በማግስቱ «ምን ነበር ያልኩህ?» በዪው። ማሽተት የማትችል ቀማሽ ካለሽ፣ ነጋዴውን ካነሳና «ልታሽረው ነው» ካለ አልቋል። ሰልጣኟን ከረሳ ምንም አይደለም። ነጋዴውን ከረሳው ግን «ምስጢሯን የደረሰበት» የሚለው ደክሟል ማለት ነው፤ «በምስጢሯ የያዛት» ብለሽ ሞክሪው፤ የቃሉ ቁጥር አይለወጥም።

ለፕሮዲውሰሩ ስትልኪ ሎግላይኑን ኢሜይሉ ውስጥ ራሱ ጻፊው፤ ሲኖፕሲሱን ብቻ አያይዢ። ከላይ ርዕስ፣ ከሥሩ ዘውግ (የፊልሙ ዓይነት) እና ርዝመት፣ ከዚያ ሎግላይኑ። ዘውጉን ሎግላይኑ ውስጥ «በዚህ ልብ አንጠልጣይ ድራማ» እያልሽ አትጻፊ፤ ቦታ ይበላል። ርዝመቱ ላይ «104 ደቂቃ» ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጪ። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ የሚባለው ልማድ የመጣው በእንግሊዝኛ፣ በ12 ነጥብ ኩሪየር ፊደል ከሚጻፍ ስክሪፕት ነው። የግዕዝ ፊደል ስፋቱም የመሥመር ክፍተቱም ይለያያል። ከመካከል 10 ገጽ መርጠሽ ንግግሩን ድምፅ እያወጣሽ፣ ድርጊቱን በዓይነ ሕሊናሽ እያየሽ በሰዓት ለኪው፤ ከዚያ በ104 አባዢና ለ10 አካፍዪው። የምትጽፊው ያንን ቁጥር ነው።